መልኩ አንድ፣ ስሙ ብዙ፦ ስለ ፈንገስ ዝርያዎች አንባቢያን የጠየቁት

ባለፈው እትም ስለ ቆረቆር በአጭሩ ከጻፍን ወዲህ ከጎንደር ከተማና ከዙሪያዋ ወረዳዎች በርከት ያሉ ደብዳቤዎች ደርሰውናል። አብዛኞቹ በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ የሚጻፈው ረጅም የፈንገስ ስም ምን ማለት እንደሆነ፣ የቅርብ ዘመዳሞች የሆኑ ፈንገሶች በምን እንደሚለዩ፣ መለየታቸውስ ለታማሚው ምን እንደሚፈይድለት የሚጠይቁ ናቸው። ስድስቱን መርጠን እንደሚከተለው መልሰናል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጄ ፀጉሩ በክብ በክብ እየረገፈ ባዶው ቦታ ላይ ጥቋቁር ነጥብ ታየበት። ሐኪም ቤት ወስጄው «ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም» የሚል ውጤት ተሰጠኝ። አብሮት የሚጫወተው የጎረቤታችን ልጅ ግን ሌላ ቦታ ታይቶ «ትራይኮፋይተን ሱዳኔንስ» ተባለ። ልጆቹ ውሏቸው አንድ ላይ ነው፤ የላጫቸውም አንድ ሰው ነው። በሽታቸው የተለያየ ነው ማለት ነው? መድኃኒታቸውስ ይለያያል?
እናት፣ ከአዘዞ

መልስ፦ እህታችን፣ በሽታው አንድ ነው፤ ቆረቆር ነው። ሕክምናውም አይለያይም። ይህን ያስቀደምነው ሐሳብ እንዳይገባዎት ብለን ነው እንጂ የስሙ ነገር ረዘም ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል።

ቆረቆር የሚያመጡት ፈንገሶች ኬራቲን የሚባለውን፣ ፀጉርና ጥፍር የተሠሩበትን ጠንካራ ፕሮቲን እየተመገቡ የሚኖሩ ናቸው። ሐኪሙ በመጀመሪያ ማወቅ የሚፈልገው ፈንገሱ ከየት እንደመጣ ነው። ማይክሮስፖረም ካኒስ የሚባለው ከድመትና ከውሻ ይመጣል፤ ትራይኮፋይተን ቬሩኮሰም ከከብት፣ በተለይም ከጥጃ ይጋባል፤ ቫዮላሲየምና ሱዳኔንስ ግን የሰው ፈንገሶች ናቸው፤ የሚተላለፉትም ከሰው ወደ ሰው ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ካኒስ ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ቤት ያለችው ድመት እንድትታይ እንመክርዎ ነበር። አሁን ግን መታየት ያለባቸው ወንድምና እህቶቹ፣ ማበጠሪያውና ምላጩ ናቸው። በጨለማ ክፍል ውስጥ በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ በካኒስ የተያዘ ፀጉር ብሩህ አረንጓዴ ያበራል፤ በቫዮላሲየም የተያዘው ግን አያበራም። መብራቱ ምንም አላሳየም ተብሎ ልጅ ነጻ ነው ተብሎ ሲመለስ አይተናል፤ በአገራችን በተደረጉ ጥናቶች በልጆች ራስ ላይ ደጋግሞ የተገኘው ግን የማያበራው ቫዮላሲየም ነው።

ልጅዎ ራስ ላይ ያዩት ጥቁር ነጥብ ከቆዳው ልክ የተሰበረ የፀጉር ጉቶ ነው። ለምርመራ የሚፈለገውም ይኸው ጉቶ ነው፤ ረጅሙን ጤነኛ ፀጉር ነቅሎ መላክ ልጁን ከማስለቀስ በቀር ጥቅም የለውም። ጉቶው በደነዘ ስለት ተፍቆ ስላይድ ላይ ከተቀመጠ በኋላ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ ይጨመርበታል፤ ፀጉሩ ለስልሶ ብርሃን ማሳለፍ ሲጀምር በማይክሮስኮፕ ይታያል። ያን ጊዜ የፀጉሩ ቅርፊት እንዳለ ሆኖ ውስጡ ስፖር በሚባሉ ክብ ክብ የፈንገስ መራቢያ ቅንጣቶች ጢም ብሎ ሽምብራ የታጨቀበት ቀጭን ስልቻ ይመስላል። ካኒስ ቢሆን ኖሮ ስፖሮቹ ፀጉሩን ከውጭ እንደ እጅጌ አልብሰውት ይገኙ ነበር። እስከዚህ ያለው ሥራ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ነው የሚወስደው። ቫዮላሲየምና ሱዳኔንስ ግን ሁለቱም ፀጉሩን ከውስጥ የሚሞሉ በመሆናቸው በዚህ ደረጃ አይለዩም።

እነሱን ለመለየት ናሙናው ሳቡሮ በሚባል፣ ስኳርና ፔፕቶን ባለው እንደ ጄሊ የረጋ ምግብ ላይ ተዘርቶ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ሙቀት ይቀመጣል። ቫዮላሲየም አዝጋሚ ነው፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። መጀመሪያ እንደ ሰም ያለ ነጣ ያለ ጉብታ ሆኖ ይወጣና እየተጨማደደ ሄዶ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ የመሰለ ሐምራዊ ቀለም ይይዛል። ሱዳኔንስ ደግሞ ወደ ብርቱካናማ ያደላ ቢጫ ሆኖ ጠርዙ እንደ ኮከብ ጨረር ይዘረጋል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይም ከክሮቹ አንዳንዶቹ ወደ ኋላ የተመለሰ ቅርንጫፍ ያወጣሉ። መጽሐፉ የሚለው እንዲህ ነው። ሳህኑ ላይ ግን ቀለም ለማውጣት የሚዘገይ ቫዮላሲየም ያጋጥማል፤ ከአንዱ ሳህን ወደ ሌላው ሲዛወርም ቀለሙ እየደበዘዘ ነጭ እስከ መሆን ይደርሳል። እኔ ራሴ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ የቆረቆር ናሙና በአሥረኛው ቀን አይቼ ምንም ስላላገኘሁበት «አልበቀለም» ብዬ ጽፌ ጣልኩት። የሥራ ባልደረባዬ ግን ከዚያው ናሙና የተዘራ ሁለተኛ ቱቦ መደርደሪያ ላይ ረስቶ ኖሮ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሐምራዊ ሆኖ አገኘነው። ከዚያ ወዲህ አራት ሳምንት ሳይሞላ አልጥልም።

በሁለቱ መካከል ያለው የዘረመል ልዩነት እጅግ ጠባብ ነው። ሱዳኔንስ በ1912 ራሱን የቻለ ዝርያ ተብሎ ተሰየመ። ከብዙ ዘመን በኋላ ዲኤንኤ የሚያጠኑ ባለሙያዎች ከቫዮላሲየም ጋር አንድ ነው ብለው ደባለቁት፤ በ2017 በወጣው አመዳደብ ደግሞ እንደገና ተለይቶ ቆመ። ባለሙያዎቹ ሲያጣምሩትና ሲለያዩት በኖሩት ጉዳይ ሁለት ላቦራቶሪዎች ሁለት ስም ቢጽፉ የሚያስገርም አይደለም። በአንድ ምላጭ የተላጩ ሁለት ልጆች ሁለት ዓይነት ፈንገስ ይዟቸው ይሆናል ከማለት ይልቅ አንዱን ፈንገስ ሁለት ሰዎች በሁለት ስም ጠሩት ማለቱ ለእኔ ይቀናኛል።

ለሁለቱም ልጆች በአፍ የሚወሰድ ተርቢናፊን ወይም ግሪሲዮፉልቪን ይታዘዛል። ፈንገሱ ፀጉሩ ውስጥ ስለሆነ የራስ ቆረቆር በቅባት ብቻ አይድንም። ተርቢናፊን በትራይኮፋይተን ወገን ላይ ይበረታል፤ ግሪሲዮፉልቪን ደግሞ ለማይክሮስፖረም ይመረጣል። ግሪሲዮፉልቪን የተሰጠው ልጅ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይዋጥ፤ ብዙውን ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት የሚወሰድ ስለሆነም ፀጉሩ ማቆጥቆጥ ጀመረ ተብሎ አይቋረጥ። ምላጩን በተመለከተ፣ ቁንጮና ጋሜ እየተተወ የሰፈሩ ልጅ በተራ የሚላጭበት ልማድ ያማረ ልማድ ነው፤ ለየልጁ አዲስ ምላጭ ይውጣ እንጂ ልማዱ ይቅር አንልም።

ጥያቄ፦ ብሽሽቴ ላይ ጭርት ወጥቶብኝ ፋርማሲ የሰጡኝን ቅባት ስቀባ ማሳከኩ ይተወኛል፤ ሳቆም ብሶ ይመለሳል። አንድ ወዳጄ «መድኃኒት የማይበግረው አዲስ ፈንገስ ከሕንድ መጥቷል» አለኝ። እውነት ነው?
ባለ ሱቅ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ ወንድማችን፣ መጀመሪያ የቅባቱን ቱቦ ያንብቡ። ቤታሜታዞን፣ ክሎቤታሶል ወይም ሌላ ስቴሮይድ ያለበት ከሆነ የሚያሳክከውን ቁጣ ያበርዳል እንጂ ፈንገሱን አይገድልም፤ እንዲያውም የጭርቱን ክብ ጠርዝ አጥፍቶ ሐኪሙን ያሳስታል። የወዳጅዎም ወሬ መሠረት አለው። ትራይኮፋይተን ኢንዶቲኒየ የሚባለው ዝርያ በ2020 ጃፓን ውስጥ ከአንድ ሕንዳዊና ከአንድ ኔፓላዊ ታማሚ ከተወሰደ ናሙና የተሰየመ ሲሆን፣ ተርቢናፊን የሚያጠቃው ኢንዛይም ላይ በደረሰ የዘረመል ለውጥ ምክንያት ብዙ ጊዜ ለመድኃኒቱ አይበገርም። ከቅርብ ዘመዶቹ ከሜንታግሮፋይቲስና ከኢንተርዲጂታሌ በዓይንም ሆነ በማይክሮስኮፕ አስተማምኖ መለየት አይቻልም፤ ዲኤንኤው መነበብ አለበት። የእርስዎ ግን በቅባቱ የተበላሸ ተራ ጭርት የመሆኑ ዕድል ይበልጣል። ቅባቱን አቁመው ለቆዳ ሐኪም ይታዩ፤ ናሙናውም ከጠርዙ እንጂ ከመሐሉ አይወሰድ።

ጥያቄ፦ የላቦራቶሪ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። እርሾ መሳዩን ፈንገስ በሴረም ውስጥ 37 ዲግሪ ላይ ለሦስት ሰዓት አስቀምጬ ቡቃያ መሰል ቱቦ ካወጣ «ካንዲዳ አልቢካንስ» ብዬ መጻፍ እችላለሁ?
ተማሪ፣ ከማራኪ

መልስ፦ እስከ 1995 ድረስ ብትጠይቀን «አዎ» እንልህ ነበር። በዚያ ዓመት ግን በአየርላንድ ዋና ከተማ ደብሊን በኤችአይቪ ከተያዙ ሰዎች አፍ የተገኘ፣ ያንኑ ቱቦ የሚያወጣ ሌላ ዝርያ ካንዲዳ ዱብሊኔንሲስ ተብሎ ተሰየመ። ቀድሞ አልቢካንስ ተብለው ከተቀመጡ ናሙናዎች መካከልም ዱብሊኔንሲስ ሆነው የተገኙ ነበሩ። በ45 ዲግሪ ላይ ለሁለት ቀን ብታስቀምጠው አልቢካንስ አብዛኛውን ጊዜ ሲያድግ ዱብሊኔንሲስ ግን አያድግም፤ በበቆሎ ዱቄት አጋር ላይም ዱብሊኔንሲስ ወፍራም ግድግዳ ያላቸውን ስፖሮች በዘለላ በዘለላ ያበዛል። እነዚህን ለማድረግ አቅሙ ከሌለህ «አልቢካንስ ወይም ዱብሊኔንሲስ» ብለህ ጻፍ፤ የማታውቀውን አለማወቅህን የሚናገር ወረቀት ደፍሮ ከሚሳሳት ወረቀት ይሻላል። ሁለቱም ባመዛኙ በፍሉኮናዞል የሚታከሙ በመሆናቸው ሐኪሙም አይጎዳም። ቱቦውን ስታይ ደግሞ ከእናት ሴሉ በሚወጣበት ሥር ላይ መጠበብ እንዳለው አስተውል፤ ካለው እውነተኛ ቱቦ አይደለምና ካንዲዳ ትሮፒካሊስ የሚባለውን ሌላውን ዝርያ ጠርጥር።

ይልቅስ መጨነቅ ያለብህ ቱቦ ላላወጣው ነው። ካንዲዳ አውሪስ በ2009 ጃፓን ውስጥ ከአንዲት አሮጊት ጆሮ ተገኝቶ ተሰየመ፤ ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ከ1996 ጀምሮ ተቀምጦ የነበረ ናሙናም በኋላ ሲመረመር ይኸው ሆኖ ተገኘ። በስኳር አጠቃቀም የሚለዩት የተለመዱ መሣሪያዎች ሔሙሎኒ ከሚባለው ዘመዱ ጋር ያምታቱታል። እዚህ ላይ የስም ስሕተት ዋጋ ያስከፍላል፤ አውሪስ በአብዛኛው ፍሉኮናዞልን የሚቋቋም፣ በአልጋ ብረትና በበር እጀታ ላይ ለብዙ ቀን የሚቆይ፣ ከታማሚ ወደ ታማሚ የሚዛመት ነውና። ከደም ወይም ከሽንት የወጣ፣ ቱቦ የማያወጣ፣ በ42 ዲግሪ የሚያድግና መሣሪያው ሔሙሎኒ ያለውን ካገኘህ ውጤቱን ከመጻፍህ በፊት ለሚበልጥህ አሳይ።

ጥያቄ፦ ጋሪ የሚጎትተው ፈረሴ የኋላ እግሩ ላይ እንደ መቁጠሪያ የተደረደረ እብጠት ወጣበት፤ እየፈነዳም መግል ያፈሳል። የእንስሳት ሐኪሙ «ፈንገስ ነው፤ ስሙ ሰውን ሳንባ ከሚያመው ፈንገስ ጋር አንድ ነው» አሉኝ። እኔንና ልጆቼን ይይዘናል?
ባለ ጋሪ፣ ከማክሰኝት

መልስ፦ ወንድማችን፣ ሐኪሙ የነገሩዎት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ስሙ ብቻውን ሊያስፈራዎት አይገባም። በሽታው ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይቲስ ይባላል፤ በአገራችን የጋሪ ፈረሶችን ከሥራ የሚያስወጣ ከባድ በሽታ ነው። አምጪው ሂስቶፕላዝማ ካፕሱላተም ነው። ይህ ፈንገስ በሦስት ንዑስ ዝርያ ሲከፈል ኖሯል፤ አንደኛው የሌሊት ወፍ ኩስ ካለበት ዋሻ አቧራው ሲነፍስ ተተንፍሶ የሰውን ሳንባ የሚይዘው፣ ሁለተኛው ዱቦይሲ የሚባለውና በአፍሪካ የሰውን ቆዳና አጥንት የሚያጠቃው፣ ሦስተኛው ፋርሲሚኖሰም የሚባለው የፈረስና የበቅሎ ነው። ዱቦይሲ ሴሉ ከሌሎቹ ጎላ ስለሚል በማይክሮስኮፕ ይለያል። የፈረሱ ግን ከመግሉ ተቀብቶ ሲታይ ከሰው ሳንባ ከሚገኘው አይለይም፤ ሁለቱም ከ2 እስከ 5 ማይክሮሜትር የሆኑ፣ ዙሪያቸው ነጣ ያለ፣ በነጭ የደም ሴሎች ውስጥ የተሰገሰጉ ሞላላ እርሾዎች ናቸው።

እንግዲህ ፋርሲሚኖሰም የተባለው በመልኩ ተለይቶ ሳይሆን ፈረስ ላይ ስለተገኘ ነበር። በ2003 የወጣ የዘረመል ጥናት ከብዙ አገር የተሰበሰቡ ናሙናዎችን አነጻጽሮ ሂስቶፕላዝማ ቢያንስ ስምንት ጎራ እንዳለው ሲያሳይ፣ የፈረሱ ፈንገስ ለብቻው ጎራ ሆኖ አልወጣም፤ ከእስያና ከአውሮፓ የሰው ናሙናዎች ጋር ተቀላቅሎ ተገኘ። ፍጡሩን በተቀመጠበት ቤት መሰየም አንዳንዴ እንዲህ ያሳስታል።

ወደ ጥያቄዎ ስንመለስ፣ ከፈረስ ቁስል ወደ ሰው መተላለፉ እምብዛም የማይታይ ነው፤ ቢሆንም ቁስሉን በባዶ እጅ አይንኩ፣ ልጆችም አያጥቡት። ወደ ሌላ ፈረስ ግን በዝንብ፣ በቁስል ንክኪና በጋራ ዕቃ ይዛመታል፤ ስለዚህ ልጓሙንና የጋሪ ዕቃውን ለጎረቤት አያውሱ። አንድ ነገር ግን በጥብቅ እናሳስባለን፤ ግላንደርስ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታም በፈረስ እግር ላይ ይህንኑ የመሰለ የተደረደረ እብጠት ያወጣል፣ እሱ ደግሞ ሰውን ይገድላል። ሐኪሙ መግሉን በማይክሮስኮፕ አይተው ነው ፈንገስ ያሉት ወይስ በዓይናቸው ብቻ? ካልታየ ይታይልዎት።

ጥያቄ፦ ማስተማር ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ ማንበብ ግን አልተውኩም። የፈንገሶቹ ስም በየጊዜው ለምን ይለዋወጣል? ባለሙያዎቹ መስማማት አቅቷቸው ነው?
ጡረተኛ መምህር፣ ከአራዳ

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ አለመስማማትም አለበት፤ ዋናው ምክንያት ግን መመዘኛው መለወጡ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ሬይሞን ሳቡሮ በ1910 ባሳተመው ሥራ የቆዳ ፈንገሶችን የለየው በበሽታው መልክና በሳህኑ ላይ ባለው ቀለምና ቅርጽ ነበር፤ ቀለም በተለየ ቁጥር ስም ስለሚወጣ የስሙ ብዛት ማቆሚያ አጣ። በ1934 አሜሪካዊው ኤመንስ በስፖሮቹ ቅርጽ ተመርቶ ሁሉንም ወደ ሦስት ወገን ሰበሰባቸው፤ ትራይኮፋይተን፣ ማይክሮስፖረምና ኤፒደርሞፋይተን። ይህ ሥርዓት ለብዙ ዘመን አገልግሏል፤ ነገር ግን ከላይ ያነሳነው ቫዮላሲየም ስፖር እምብዛም የማያወጣ በመሆኑ በስፖር ለይ መባል ጢም በሌለው ሰው ጢም እንደ መፈለግ ነው። አሁን ከሁሉ በፊት የሚነበበው ከ500 እስከ 700 ፊደል ገደማ ያለው፣ አይቲኤስ የሚባል የዲኤንኤ ክፍል ነው፤ በ2012 የፈንገሶች ሁሉ የጋራ መለያ እንዲሆን ተመርጧል። በእሱም ቢሆን ቫዮላሲየምን ትራይኮፋይተን ሩብረም ከሚባለው የቅርብ ዘመዱ የሚለዩት ፊደላት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ሌላው ምክንያት ሕጉ ነው። ፈንገስ በፆታ ሲራባና ያለ ፆታ ሲራባ መልኩ ስለሚለያይ ለዘመናት አንዱ ፍጡር ሁለት ሕጋዊ ስም ነበረው። በ2011 ሜልበርን ላይ የተካሄደው ጉባኤ ይህን ሽሮ ከ2013 መግቢያ ጀምሮ አንድ ፈንገስ አንድ ስም እንዲኖረው ደነገገ። ካንዲዳ ክሩሴይ የሚባለው፣ ፍሉኮናዞል በተፈጥሮው የማይሠራበት ፈንገስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ2018 የተደረገ የሙሉ ዘረመል ንጽጽር እሱ፣ ፒኪያ ኩድሪያቭዜቪ፣ ኢሳቼንኪያ ኦሪየንታሊስና ካንዲዳ ግሊሴሪኖጄኔስ የሚባሉት አራቱ አንድ ዝርያ መሆናቸውን አሳየ። ለምግብና ለኢንዱስትሪ ማብላያ የሚያገለግለውና ሕሙማንን የሚጎዳው አንድ ሆኖ መገኘቱ ነው። እኔ በበኩሌ ለሐኪም የሚላክ ወረቀት ላይ አዲሱን ስም ጽፌ አሮጌውን ከጎኑ እጨምራለሁ፤ መድኃኒቱን የሚያዝዘው ሰው የተማረው በአሮጌው ስም ነውና።

ጥያቄ፦ ወንድሜ በመተማ በኩል ሰሊጥ አጨዳ ሲመላለስ ዓመታት ሆኖታል። እሾህ የወጋው እግሩ ቀስ በቀስ አብጦ፣ ሳያመው ብዙ ቦታ ተበስቶ፣ ጥቁር የኑግ ፍሬ የመሰለ ነገር ያወጣል። ጤና ጣቢያ «ማዱራ» ብለው አንቲባዮቲክ ሰጡት፤ ሦስት ወር ሆነው፣ ለውጥ የለም።
እህት፣ ከጭልጋ

መልስ፦ እህታችን፣ ያቺን የኑግ ፍሬ የመሰለች ነገር ማስተዋልዎ ትልቅ ነገር ነው፤ የዚህ በሽታ ምርመራ ከእሷ ይጀምራልና። በሽታው ማይሴቶማ ይባላል፤ «ማዱራ» የተባለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሕንድ ማዱራ አውራጃ ሐኪሞች ስለገለጹት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ችላ ከተባሉ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ዝርዝር አስገብቶታል። ለዓይን አንድ የሚመስለው ይህ እብጠት ግን ሁለት ፈጽሞ የማይዛመዱ አምጪዎች አሉት። አንደኛው የባክቴሪያ ወገን ነው፤ ፍሬው ነጭ፣ ቢጫ ወይም ቀይ ይሆናል፣ በአንቲባዮቲክም ይድናል። ሁለተኛው ፈንገስ ነው፤ ጥቁር ፍሬ የፈንገስ ምልክት ነው፤ ለእሱ አንቲባዮቲክ የቱንም ያህል ቢወሰድ አይረዳም። የወንድምዎ መድኃኒት ያልሠራው በዚሁ ምክንያት ይመስለናል።

ከጥቁር ፍሬ አምጪዎች መካከል በሱዳንና በአዋሳኝ ቆላዎች ደጋግሞ የሚገኘው ማዱሬላ ማይሴቶማቲስ ነው። ሳህን ላይ ሲበቅል አብዛኛውን ጊዜ ስፖር አያወጣም፤ ቡናማ ቀለም ወደ ምግቡ እየለቀቀ ይረጫል፣ ከዚያ ያለፈ መለያ አይሰጥም። ለአንድ መቶ ዓመት ገደማ እንዲህ ያለውን ሁሉ በአንድ ስም መጥራት የተለመደ ነበር። በ2012 ግን ዲኤንኤያቸው ሲነበብ ሌሎች ዘመዶች ተለይተው ወጡ፤ ከእነሱም አንዱ ማዱሬላ ፋሃሊ ነው። ስሙ በ1991 ካርቱም የተቋቋመውን የማይሴቶማ ምርምር ማእከል ለመሩት ለሱዳናዊው ቀዶ ሐኪም ለአህመድ ሐሰን ፋሃል መታሰቢያ የወጣ ነው። ይህ ክፍፍል ከቫዮላሲየምና ከሱዳኔንስ የስም ክርክር ይለያል። ማይሴቶማቲስ ኢትራኮናዞል በሚባለው መድኃኒት ሲታከም፣ ፋሃሊ ግን ይህንኑ መድኃኒት የመቋቋም ጠባይ አለው። ለታማሚው ዝርያውን ማወቅ ዓመት ሙሉ በከንቱ የሚዋጥ መድኃኒት እንዳይሆን ያደርግለታል ማለት ነው። ሌሎች ከማዱሬላ ወገን ያልሆኑ፣ ነገር ግን ጥቁር ፍሬ የሚያወጡ ፈንገሶችም አሉ፤ ስለዚህ ሐኪሙ «ጥቁር ነው» ብሎ ማቆም የለበትም።

ወንድምዎን የቆዳና የቀዶ ሕክምና ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ይውሰዱት። ራጅና አልትራሳውንድ አጥንቱ መነካቱንና እብጠቱ የት እንደሚያበቃ ያሳያሉ፤ ሕክምናው ብዙ ጊዜ ለወራት መድኃኒት ከተወሰደ በኋላ እብጠቱን ከነሽፋኑ በቀዶ ማውጣት ነው። በመንደር መብጣት ሽፋኑን ስለሚያፈርሰው ፈንገሱን ይበትነዋል፤ ይህን አደራ። ከቆዳው ላይ የፈሰሰችው ፍሬ ብዙ ጊዜ የሞተች ወይም በባክቴሪያ የተበከለች ናት፤ ሐኪሙ ከጥልቅ ቆርጦ መውሰዱ ይመረጣል። ቁራጩም ለሁለት ይከፈል፤ ሥጋው በማይክሮስኮፕ የሚታይበት ግማሽ ፎርማሊን ውስጥ ይግባ፣ ሳህን ላይ ለማብቀልና ለዲኤንኤ የሚላከው ግማሽ ግን ንጹሕ የጨው ውሃ ውስጥ ይቀመጥ። ሁለቱንም ፎርማሊን ውስጥ የከተቱ እንደሆነ ፈንገሱ ይሞታል፣ ዲኤንኤውም ይጎዳል፤ ወንድምዎ ለሁለተኛ ጊዜ ይቆረጣል። ናሙናው ሲወሰድ አጠገቡ ቆመው ሁለት ዕቃ መቅረቡን ይጠይቁ።